ሜዳው ሞልቶ ሳለ

ከሎንደን በባቡር አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ሃምፕሻየር በሚባለው አውራጃ ውስጥ፣ ቤዚንግስቶክ የምትባል የእንግሊዝ የገበያ ከተማ ነበረች። ዛሬም በዚያው ስም የምትጠራ ትልቅ ከተማ እዚያው ቦታ ላይ አለች። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል፣ ሥራ ሞልቶባታል፣ ገንዘብም አላጣችም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የፊተኛዋ ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቦምብ ወድቆባት በደህና የተረፈችው፣ ከዚያም በሰላም ዘመን፣ ካዝናው ሳይጎድል፣ መሬቱ በየአቅጣጫው ተንጣልሎ እያለ፣ በገዛ ሹሞቿ ፊርማ የፈረሰችው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገበያዋ የቆየ ነው። በ1086 ንጉሥ ዊልያም የያዘውን አገር በቆጠረበት መዝገብ ላይ ቤዚንግስቶክ ገበያ እንዳላት ተጽፏል። ከተማዋ የተቀመጠችው ቁልቁለት ላይ ነበር። ከላይ የገበያው አደባባይ፣ ከታች ሎደን የሚባለው ትንሽ ወንዝ፣ በመካከላቸው ዎት ስትሪትና ቸርች ስትሪት የሚባሉ ሁለት መንገዶች። ገበያተኛው በእነዚህ ሁለት መንገዶች ይወጣል ይወርዳል። በዎት ስትሪት ግርጌ ደግሞ የጀልባ መቆሚያ ነበር። በ1794 ተቆፍሮ ያለቀው የቤዚንግስቶክ ቦይ የሚያበቃው እዚያ ነው፤ የአገሬው እህልና እንጨት በዚያ ቦይ ወደ ሎንደን ይሄዳል፣ የድንጋይ ከሰል በዚያው ይመጣል። ባቡር በ1839 መጣና የቦዩን ሥራ ቀስ በቀስ ወሰደበት፤ ቦታው ግን ቀረ። ደራሲዋ ጄን ኦስተን የተወለደችው በአቅራቢያው ባለ ስቲቨንተን በሚባል የገጠር ሰበካ ነውና ለጭፈራም ለሸመታም የምትመጣው ወደ ቤዚንግስቶክ ነበር። ቶማስ በርበሪ ገና የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ የመጀመሪያ የልብስ ሱቁን በ1856 የከፈተው እዚህ ነው። ዛሬ በየአውሮፕላን ማረፊያው የምናየው በርበሪ የሚባለው ውድ ካፖርት የዚህች ከተማ ልጅ ነው ማለት ነው።

በ1950 አካባቢ የነዋሪው ቁጥር ሃያ ሺህ አይሞላም ነበር። ረቡዕ የገበያ ቀን ነው። ገበሬው ከየመንደሩ ይገባል፤ ከብቱና በጉ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው በረት ይታጎራል፤ አጫራቹ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ዋጋውን እንደ ውዳሴ ማርያም በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል። ገዢው አፉን አይከፍትም። ቅንድቡን ያነሳል፣ ወይም ባርኔጣውን ነካ ያደርጋል፣ በሬው ተሸጠ። በጦርነቱ ምክንያት ምግብ በራሽን ሆኖ ስለነበር የእርድ ከብት ለዓመታት በመንግሥት ዋጋ ብቻ ሲሸጥ ኖሯል። ሥጋ ከራሽን የወጣው በሐምሌ 1954 ነው፤ ያን ጊዜ የእርድ ከብቱም ወደ ጨረታው ተመለሰ። ከአሥራ አራት ዓመት ቁጥጥር በኋላ እንደገና በነጻነት የተከራከሩበት ገበያ ምን ያህል ደማቅ እንደነበር መገመት አይከብድም። ደስታቸው አሥር ዓመት ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ የከብት ገበያው ራሱ በ1960ዎቹ ውስጥ ተዘጋ።

ከበረቱ የወጣው ገንዘብ ወደ ከተማው ይፈሳል። ገበሬው ለማረሻው ብሎን ከብረታ ብረት ነጋዴው፣ ሚስቱ ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ከጨርቃ ጨርቅ ቤት፣ ልጆቹ ከረሜላ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የገበያ ከተሞች በነበሩ የጨርቅ ሱቆች ሻጩ ገንዘቡን ከነደረሰኙ በትንሽ ቆርቆሮ ይከትና ከራስ በላይ በተዘረጋ ሽቦ ላይ ይለቀዋል፤ ቆርቆሮው እየበረረ ከፍ ብላ ከተቀመጠችው ገንዘብ ተቀባይ ዘንድ ደርሶ ከመልሱ ጋር ይመለሳል። ባለሱቁ ብዙውን ጊዜ ከሱቁ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራል፤ ማታ መንገዱ ሰው አለው፣ መስኮቱ መብራት አለው። በሕግ አብዛኛው ሱቅ በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይዘጋል፤ ያን ቀን ከተማዋ ትተኛለች። ከ1898 ጀምሮ የጭነት መኪና የሚሠራው የቶርኒክሮፍት ፋብሪካ ሲለቅ ደግሞ ሠራተኛው በብስክሌት መንገዱን ያጥለቀልቀዋል። ዋሊስ ኤንድ ስቲቨንስ የሚባለው ሌላው ፋብሪካ የመንገድ መዳመጫ ማሽን እየሠራ ለዓለም ይሸጥ ነበር። እንግዲህ ይህች ከተማ ከላም እስከ ሞተር የራሷን እንጀራ የምትጋግር፣ በእግር ዳር እስከ ዳር የምትዳረስ፣ ሰው ከሰው ሰላምታ ሳይለዋወጥ የማያልፍባት ቦታ ነበረች።

ገነት ነበረች አልልም። ከታችኛው ሰፈር ቤቶች ብዙዎቹ እርጥበት የሚያለቅሱ ነበሩ። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፤ መታጠቢያ ቤት የሌለው ቤት ብዙ ነበር፤ ክረምት ሲመጣ የከሰሉ ጭስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ ደረት ይይዛል። ልጆቿን በዚያ ቤት ያሳደገች እናት አዲስ ቤት ከሙቅ ውኃ ጋር ስትመኝ መብቷ ነው። የምቆጨው ምኞቷን ለመሙላት ከተማዋን መግደል አያስፈልግም ስለነበር ነው፤ ይህንንም በማስረጃ ነው የምናገረው።

ነገሩ የጀመረው ሎንደን ውስጥ ነው። በቦምብ የተጎዳችውና በሕዝብ የተጨናነቀችው ዋና ከተማ ነዋሪዎቿን የምታሰፍርበት ቦታ አጥታ ነበር። መንግሥት በ1952 ባወጣው የከተሞች ማስፋፊያ ሕግ መሠረት ትናንሽ ከተሞች ከሎንደን ጋር እየተዋዋሉ ቤትና ፋብሪካ ሠርተው ሰው እንዲቀበሉ ተፈቀደ። ሀሳቡ ክፉ አልነበረም። የሎንደን አውራጃ ምክር ቤት ግን ከዚህም የተሻለ ነገር አስቦ ነበር። ከቤዚንግስቶክ በስተምሥራቅ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኝ ሁክ በምትባል የገጠር መንደር አካባቢ፣ መቶ ሺህ ሰው የሚይዝ አዲስ ከተማ ከመሠረቱ ሊገነባ ፕላን አወጣ። ባለሙያዎቹ ለዓመታት ደከሙበት። እግረኛ ከላይ፣ መኪና ከታች የሚሄድበት ማዕከል፣ ሰው ከቤቱ በእግሩ የሚደርስበት ሱቅና ትምህርት ቤት፣ ሁሉም በወረቀት ላይ ተነደፈ።

ሃምፕሻየር እምቢ አለ። ያገሩ ባለርስቶችና ገበሬዎች፣ የአውራጃው ምክር ቤትም፣ መስካችን አይነካም ብለው ተነሡ። ሎንደንም በ1960 ፕላኑን ተወችው። የተደከመበት ጥናት በ1961 በመጽሐፍ ታተመና የሌሎች አገሮች ፕላነሮች ይማሩበት ጀመር፤ ከተማው ግን አልተሠራም። ያ ሁሉ ሰው የትም ይሂድ አይባልምና አውራጃው በሁክ ፈንታ ሌላ አቀረበ። ከቀረቡት መካከል ቤዚንግስቶክና አንዶቨር ነበሩ፤ ሁለቱም ጥንታዊ የገበያ ከተሞች። ሜዳው ተረፈ፤ ከተማዎቹ ተሰጡ። በ1961 ቤዚንግስቶክ፣ አውራጃዋና ሎንደን ተዋዋሉ። ሃያ ስድስት ሺህ ገደማ የደረሰችው ከተማ አርባ ሺህ የሚጠጋ የሎንደን ነዋሪ ለመቀበል ፈረመች።

እዚህ ላይ እንኳ ገና ያልዘገየ ነገር ነበር። አርባ ሺህ ሰው ሎንደንን ለቆ ሲመጣ የሚያርፈው ዎት ስትሪት ላይ አይደለም። የሚያርፈው በከተማዋ ዙሪያ ባሉት የእርሻ መሬቶች ላይ ነው፤ ያረፈውም እዚያው ነው። ፖፕሊ፣ ዊንክልበሪና በክስኪን የተባሉት ሰፈሮች የተሠሩት በእርሻ ላይ ነው። መሬት አልጎደለም። ታዲያ ለአዲሶቹ ሰፈሮች አዲስ የገበያ ማዕከል ካስፈለገ እሱስ ከዚያው ከእርሻው ጫፍ ላይ ለምን አልተሠራም? አሮጌዋ ከተማ ከነመንገዷ፣ ከነወንዟ፣ ከነጀልባ ማቆሚያዋ በመሃል ብትቀር ማንን ትጎዳ ነበር? አዲስ መጤው በራሱ ሰፈር ዳቦውን ገዝቶ ረቡዕ ረቡዕ ወደ ገበያው ቢወጣ ምን ይጎድልበት ነበር? እኔ መልስ አላገኘሁለትም። ያፈረሱትም ሰዎች የሰጡት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዘመናዊ መሆን አለብን።

ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የታችኛው ከተማ በግዴታ ግዢ ተወሰደ። የግዴታ ግዢ ማለት ባለቤቱ ልሽጥ ባይል እንኳ በሕግ ካሳ ተከፍሎት ይነሳል ማለት ነው። የሱቁ ባለቤት ካሳውን ተቀብሎ ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛውን ግን የሚተካለት የለም። ዕድሜው ስድሳ የደረሰ ባለሱቅ በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ በአዲሱ ኪራይ እንደገና ይጀምራል ብሎ ያሰበ ካለ ንግድ የማያውቅ ሰው ነው። ዶዘር ገባ። የዎት ስትሪትና የቸርች ስትሪት የታችኛው ግማሽ፣ ብሩክ ስትሪት፣ ፖተርስ ሌን፣ በመካከላቸው ያሉት ጓሮዎች፣ መጠጥ ቤቶች፣ የጸሎት ቤቶች፣ ወርክሾፖች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጠርገው ወጡ። ከተማዋ የወለደቻቸው ሰዎች ካሜራ ይዘው ከዶዘሩ ፊት ፊት እየሄዱ የቀረውን ያነሡ ነበር። ፎቶግራፎቹ ዛሬ አሉ። አንድ በአንድ ስናያቸው ብዙው ቤት ጣሪያው የቀና፣ ግድግዳው የቆመ፣ መስኮቱ የተወለወለ ነው። ሊወድቅ የደረሰ ጎጆ ነበር የሚለውን ወሬ ፎቶዎቹ አይደግፉትም።

በቦታው የተተከለው የኮንክሪት የገበያ ማዕከል ነበር። ሸማቹ ከላይ በተነጠፈው ወለል ይሄዳል፤ ዕቃ የጫኑ መኪኖች ከሥሩ ይገባሉ። ይህ ሀሳብ ከየት እንደመጣ አንባቢው አይጠፋውም። ሁክ ላይ፣ በባዶ መሬት ላይ፣ ማንንም ሳያፈናቅል ሊሞከር የነበረው ነው፤ እዚህ በሰው ቤትና ከስምንት መቶ ዓመት በላይ በቆየ ገበያ ላይ ተሞከረ። ከታች በቸርችል ዌይ በኩል የሚታየውን ረጅሙን የኮንክሪት ገጽ የአገሬው ሰው ታላቁ የቤዚንግስቶክ ግንብ እያለ ይጠራው ጀመር። ሎደን ወንዝ በቱቦ ውስጥ ገብቶ ከማዕከሉ ሥር ያልፋል፤ ብርሃን የሚያየው ከወዲያ ማዶ ባለው መናፈሻ ሲደርስ ነው። የጀልባ ማቆሚያው ከዚያ በፊት ተደልድሎ የአውቶቡስ ጣቢያ ሆኗል።

የቦዩ ነገር በተለይ ያመኛል። ግሬይዌል የሚባለው የቦዩ ዋሻ በ1932 ስለተናደ የመጨረሻው ክፍል ከቀሪው ተቆርጦ ነበር። ከተማዋ በ1960ዎቹ ያን ሁሉ ሚሊዮን ስታፈስ ከዚያ ላይ ጥቂቱን ለቦዩ አላሰበችም። በአንጻሩ ከዋሻው ወዲያ ያለውን ክፍል በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ጭቃ እያወጡ፣ በር እየጠገኑ፣ በ1991 እንደገና ለጀልባ ከፈቱት። ዛሬ በእንግሊዝ አገር ቦይ ባለበት ብዙ ከተማ በውኃው ዳር ያለ ቤት ውድ ነው፣ ቡና ቤቱ ሙሉ ነው። የቤዚንግስቶክ ቦይ ግን ስሙን ከሰጠችው ከተማ ሳይደርስ ሜዳ ላይ ያበቃል።

«ያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር» ይባላል። ይህ እውነት አይደለም። ኬንት ውስጥ ፋቨርሻም የምትባል ሌላ የገበያ ከተማ አለች። እዚያም አቢ ስትሪት የሚባለው ጥንታዊ መንገድ ቤቶቹ አርጅተው ለመፍረስ ታስበው ነበር። የከተማዋ ምክር ቤት ግን በ1958 ቤቶቹን የመጠገን ሥራ ጀመረ፤ መንገዱ ተረፈ፤ ዛሬ በደቡብ እንግሊዝ ካሉት ውብ መንገዶች አንዱ ነው። ቤዚንግስቶክ ውሉን የፈረመችው ከዚህ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ1957 ደግሞ ደንከን ሳንዲስ የተባለው ሚኒስትር ሲቪክ ትረስት የሚባለውን ማኅበር አቋቁሞ አሮጌ መንገዶች በቀለምና በጥገና እንዴት ነፍስ እንደሚዘሩ በየከተማው ማሳየት ጀምሮ ነበር። መታጠቢያ ቤት የለም የሚለውም ሰበብ መልስ አለው። መንግሥት ከ1949 ጀምሮ ለቤት ማሻሻያ ድጎማ ይሰጥ ነበር፤ በ1959 ይህን አስፋፍቶ ለገላ መታጠቢያ፣ ለእጅ መታጠቢያ፣ ለሙቅ ውኃ፣ ለሽንት ቤትና ለምግብ ማስቀመጫ ድጎማ ማግኘት ለባለቤቱ መብት እንዲሆን አደረገ። እናም ሕጉ ነበረ፣ ገንዘቡ ነበረ፣ ምሳሌው ነበረ። ያልነበረው የያዙትን የማየት ዓይን ነው።

መኪናስ? አዎ፣ መኪና መጥቷል። በ1950 ሁለት ሚሊዮን ገደማ የነበረው የብሪታንያ የግል መኪና በ1970 አሥራ አንድ ሚሊዮን አልፏል፤ ለፈረስ ጋሪ የተሠራ መንገድ ይህን አይችልም። ኮሊን ቡካናን በ1963 ለመንግሥት ያቀረበው ዝነኛ የትራፊክ ጥናት ግን ነገሩን በግልጽ አስቀምጦት ነበር፤ ከተማን ለመኪና እንደ ልብ መክፈት እጅግ ውድ ነው፣ ያን ዋጋ የማይከፍል ከተማ መኪናውን መገደብ አለበት። ቡካናን በምሳሌነት ካጠናቸው ከተሞች አንዷ ከቤዚንግስቶክ ብዙም የማትርቀው ኒውበሪ ነበረች። ጎረቤት ቁጭ ብሎ የተጻፈ ምክር ነው። ሳያነቡት ቀርተው ነው ወይስ አንብበውት?

አሁን ደግሞ ሌላው የሚያበግነኝ ነገር። በ1967 ያው ሳንዲስ አዲስ ሕግ አስወጣ። በሕጉ መሠረት አንድ ቤት ብቻ ሳይሆን መንገዱ፣ ሰፈሩ፣ አደባባዩ በሙሉ በጥብቅ አካባቢነት ሊከለል ቻለ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ የመጀመሪያዋ ጥብቅ አካባቢ ሆና የተከለለችው ስታምፎርድ ናት፤ በሊንከንሻየር የምትገኝ፣ ከማር ቀለም ድንጋይ የታነጸች የገበያ ከተማ። ዋናው አውራ ጎዳና በመካከሏ ያልፍ ስለነበር በ1960 በውጭ በኩል የሚዞር መንገድ ተሠርቶላት ነበር፤ መንገድ እንጂ ከተማ አልተነካም። ዛሬ ከስድስት መቶ በላይ በቅርስነት የተመዘገቡ ሕንፃዎች አሏት። ዓርብ ዓርብ ገበያዋ ይቆማል። ፊልም ሠሪው የድሮ ዘመን ሲፈልግ ወደዚያ ይሄዳል። ስታምፎርድ አርባ ሺህ ሰው ተቀበይ አልተባለችም፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም፤ ፈተናዋ ቀላል ነበር። ግን ስታምፎርድ በተከለለችበት ዓመት ቤዚንግስቶክ ውስጥ ዶዘሩ ሥራ ላይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1968፣ የተመዘገበ ቤት ያለ ፈቃድ እንዳይፈርስ የሚያደርገው ሕግ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ብቻ ቢታገሡ ኖሮ ከፈረሰው ውስጥ ብዙው ዛሬ ቆሞ ይገኝ ነበር።

ቤዚንግስቶክ ብቻዋን አይደለችም። ለእኛ ሰው ቅርብ የሆነችውን ባዝን እንውሰድ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 በስደት መጥተው አራት ዓመት የኖሩባት ከተማ ናት፤ የኖሩበትን ፌርፊልድ ሃውስን በኋላ በ1958 ለከተማዋ ሰጥተዋታል፤ አረጋውያን ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ንጉሠ ነገሥቱ የሚያውቋትን ባዝ በሚያዝያ 1942 የጀርመን አውሮፕላኖች ደብድበው ከአራት መቶ በላይ ሰው ገደሉባት። ሰው ከዚያ ኀዘን ተጽናንቶ ሳያበቃ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የከተማዋ ምክር ቤት ራሱ በመቶ የሚቆጠሩ የድሃ ሰው ቤቶችን አፈረሰ። የመኳንንቱ ግቢዎች ተጠበቁ፤ ያን ሁሉ የድንጋይ ሥራ የሠሩት ግንበኛውና ጠራቢው ይኖሩባቸው የነበሩት መንገዶች ተጠረጉ። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሳውዝጌት ስትሪት ተነሥቶ በኮንክሪት የገበያ ማዕከል ተተካ። ያ ማዕከል በ2007 ፈረሰ። አርባ ዓመት እንኳ አልቆመም። ዛሬ እዚያ ያለው የፈረሰውን የድሮ ስልት ለመምሰል የተሠራ አዲስ ሕንፃ ነው። መጀመሪያ እውነተኛውን አፍርሶ በኋላ አምሳያውን በብዙ ሚሊዮን መግዛት፤ ከዚህ የከፋ ኪሳራ አላውቅም።

ቤዚንግስቶክም ያው ደረሰባት። የ1960ዎቹ ማዕከል ሠላሳ ዓመት ትንሽ ሲያልፈው አስቀያሚ ነው፣ ነፋስ ያስገባል፣ ሰው ሸሸው ተብሎ ከፊሉ በተራው ፈረሰ፤ በ2002 በምትኩ ፌስቲቫል ፕሌስ ተከፈተ፤ በመስታወት የተሸፈነ፣ ንጹሕ፣ በማንኛውም አገር ካለው ሞል የማይለይ። ከባቡር የወረደ ሰው በቀጥታ ወደዚያ ይገባል፤ ገዝቶም ይመለሳል። ዳገቱን ወጥቶ የላይኛውን ከተማ የሚያየው ጥቂቱ ነው። የላይኛው ተርፏል፤ የገበያው አደባባይ አለ፣ የድሮው ማዘጋጃ ቤት ዛሬ ዊሊስ ሙዚየም ነው፣ በ1865 የተሠራው የእህል ገበያ አዳራሽ ቲያትር ቤት ሆኖ ይሠራል። አንድ አሮጌ አዳራሽ ሥራውን ቀይሮ ከተማውን ሲያገለግል ስናይ ሌሎቹም ይችሉ እንደነበር እንረዳለን። ግን የላይኛው ከተማ ከታችኛው ተቆርጦ እንደ ሰገነት ቀርቷል፤ ገበያተኛ የሚወጣበትና የሚወርድበት መንገድ ከወገቡ ተበጥሷልና። በ2017 ከሙዚየሙ ፊት ለፊት የጄን ኦስተን ሐውልት ቆመ። ደስ ይላል። እሷ ከጭፈራው ወጥታ ቁልቁል ስትመለከት ታየው ከነበረው ነገር ግን ያስቀሩላት እጅግ ጥቂት ነው።

ከሎንደን የመጡትን ሰዎች እንዳልወቀስኩ ይታወቅልኝ። እነሱ ጠባብ ክፍል፣ የጋራ ሽንት ቤትና የተበከለ አየር ትተው ነው የመጡት። የአትክልት ቦታ ያለው ቤት አገኙ፣ ልጆቻቸው ሜዳ አገኙ፣ ሥራም አገኙ። ይገባቸው ነበር። እንዲያውም እነሱም ተበድለዋል ባይ ነኝ። ወደ አንድ ጥንታዊ የገበያ ከተማ ትሄዳላችሁ ተብለው መጡ፤ ሲደርሱ ከተማዋ እየፈረሰች ነበር። ልጆቻቸው እዚያ ተወልደው አደጉ፤ ያደጉባት ከተማ በኮንክሪቷ ሲሳቅባት እየሰሙ ነው ያደጉት። በእንግሊዝ ቤዚንግስቶክ የሚለው ስም ለብዙ ዓመታት መዘባበቻ ነበር። ለዚያች ትሑት፣ ሠራተኛ፣ ረቡዕ በረቡዕ በከብት ድምፅ ለምትነቃ ከተማ ይህ አይገባትም ነበር።

ጥፋቱን የማደርገው ውሳኔውን በፈረሙት ላይ ነው። ሁክን ያስቀሩት የአውራጃው ሰዎች መስካቸውን አዳኑ፤ ለአንድ መስክ ግን ሁለት ከተማ ከፈሉ፣ መስኩም ቢሆን በኋላ ዘመን በመንገድና በቤት እየተሸረፈ ነው። የከተማዋ ሹሞች ደግሞ ከሎንደን በመጣው ገንዘብ ፊት ያላቸውን ትልቅ ሀብት አሳንሰው አዩት። ገንዘቡ በዕድሜ አንድ ጊዜ የሚገኝ ነበር። በዚያ ገንዘብ ዎት ስትሪትን ጠግነው፣ ወንዙን ገልጠው፣ ቦዩን አስከፍተው፣ አርባውን ሺህ ሰው በዙሪያዋ አስፍረው በደቡብ እንግሊዝ ተወዳዳሪ የሌላትን ከተማ መሥራት ይችሉ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል ተመልሶ አይመጣም፤ አልመጣምም።

በእንግሊዝ ከተሞች የምትኖሩ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሰፈራችሁ አንድ ቤት ሊፈርስ ወይም ሊለወጥ ሲታሰብ ምክር ቤቱ ብዙ ጊዜ በመብራት ምሰሶ ላይ ወረቀት ይለጥፋል። አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሃያ አንድ ቀን ነው። ዜጋ መሆን አያስፈልግም፣ ጠበቃ አያስፈልግም፣ የተራቀቀ እንግሊዝኛም አያስፈልግም። ቆም ብላችሁ ወረቀቱን አንብቡ፤ የሚነካው የምትወዱትን መንገድ ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ ጻፉ።